የቶሚኤ ጣት

ኢሶቤ ሹኪቺ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በባሕር ላይ የሰው መልእክት ሲያስተላልፍ የኖረ ሰው ነው። የመርከብ ሬዲዮ ሠራተኛ ነበር። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ፣ በነጥብና በሰረዝ የሚመጣውን ድምፅ ወደ ፊደል እየመለሰ፣ የዚህኛው መርከበኛ እናት መታመሟን፣ የዚያኛው ሚስት መገላገሏን ጽፎ ለባለቤቱ ያደርሳል። ራሱ ግን ጨዋታ አያውቅም። በዓመት ሁለት ወር ያህል ወደ ትውልድ ከተማው ወደ ናጉራ ሲመለስ ሚስቱ ቶሚኤ "ባሕሩ እንዴት ከረመ?" ትለዋለች። እሱም "ውሃ ነው" ይላታል። ከዚያ ራት ይቀርባል።

በስድሳ ዓመቱ ጡረታ ወጣና ያለ ማዳመጫ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ ቢያቅተው ኮምፒውተር ገዛ። በዚያን ጊዜ ናጉራ ውስጥ ኮምፒውተር ያላቸው ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ሁሉም ለየራሱ ጉዳይ ነው የሚጠቀምበት። የጥርስ ሐኪሙ ሚስት በልደት ቀን የሰው ዕድል ታይበታለች። ፀጉር አስተካካዩ ተራ የሚጠብቁ ደንበኞቹን የጎልፍ ጨዋታ ያጫውትበታል። የቤተ መቅደሱ መነኩሴ ደግሞ የሟቾችን መታሰቢያ መዝግቦ፣ የእገሌ ሰባተኛ ዓመት መቼ እንደሚውል፣ የእገሊት አሥራ ሦስተኛ መቼ እንደሆነ እያወጣ ለየቤቱ ወረቀት ይልክበታል። ሹኪቺ የባሕሩን ሙላትና ጉድለት፣ የነፋሱንም አቅጣጫ እየመዘገበ የነገን አየር ለመገመት ይሞክር ነበር። ቤት ውስጥ ያለው ቴሌቪዥን አንድ ነው፤ ኮምፒውተሩ የሚሠራው በካሴት የተቀዳውን ፕሮግራም እያነበበ ከእሱ ጋር ተያይዞ ስለሆነ ቶሚኤ የምትወደው ተከታታይ ድራማ በየጊዜው ይቋረጥባታል።

"አሥር ደቂቃ ካሴቱ ሲያንቋርር ቆይቶ ነገ ይዘንባል የሚል ዕቃ!" ትላለች እጇን በሽርጧ እየጠረገች። "እኔ አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ብነግርህ አይቀልም? ሻይ ካቀረብክልኝ ደግሞ የከነገ ወዲያውንም እነግርሃለሁ።"

ሹኪቺ ፈገግ ይላል እንጂ መልስ አይሰጥም። ቤቱ ውስጥ የምትናገረው እሷ ነበረች። እሷ ከድስቱ ጋር፣ ከድመቷ ጋር፣ ከራሷ ጋር ታወራለች፤ እሱ ይሰማል። መስማት ሥራው ነበርና አልከበደውም። ሁለት ዓመት እንደዚህ ኖሩ።

በሁለተኛው ዓመት በኅዳር ወር አንድ ቀን ጠዋት፣ ቶሚኤ ለማድረቅ የላጠችውን ካኪ የሚባል ፍሬ በገመድ እየሰካች በረንዳው ላይ ሳለች ወደቀች። ሹኪቺ የሰማው ቢላዋው እንጨቱ ላይ ሲወድቅ ነው። ሲወጣ ዓይኗ ተከፍቶ ታየዋለች፤ አፏ ግን በአንድ በኩል ተንጋዷል።

ሆስፒታል ሦስት ወር ቆየች። ሐኪሙ ስትሮክ ነው አለ። "አእምሮዋ ደህና ነው፤ ሁሉን ትሰማለች፣ ሁሉም ይገባታል። ምላሷና ከንፈሯ ግን አይታዘዟትም። ቀኝ ጎኗም እንደዚሁ" ብሎ ነገረው። ግራ እጇም ዝሏል፤ የቀረላት አንድ ነገር ነበር፤ ሌባ ጣቷን ወደ ታች መጫን ትችላለች። እርሳስ ቢያስይዟት ግን ይወድቅባታል።

በየካቲት በረዶው ጉልበት እስኪደርስ ተከምሮ ሳለ ወደ ቤት አመጣት። ፍራሿን ከማሞቂያው አጠገብ ዘረጋ፤ ከጀርባዋ ትራስ ደራረበላት። አሁን ቤቱ ፀጥ አለ። ሹኪቺ ይህን ዓይነት ፀጥታ ያውቀዋል፤ ሬዲዮ ሲሞት፣ ማዳመጫው ውስጥ ሽውታ ብቻ ሲቀር የሚሰማው ዓይነት ነው።

"ውሃ ልስጥሽ? አዎ ከሆነ ዓይንሽን አንድ ጊዜ ክደኚ። ሁለት ጊዜ ከሆነ አይደለም ማለት ነው።"

እሷም ትከድናለች። አንድ ጊዜ ይሁን ሁለት ጊዜ እሱ ይጠፋበታል፤ ደግሞ ይጠይቃል። እሷ በሦስተኛው ጊዜ ዓይኗን ጨፍና ትተወዋለች።

በሁለተኛው ሳምንት ሐሳብ መጣለት። ኮምፒውተሩን ከተሸፈነበት ጨርቅ አውጥቶ፣ ከመጽሔት ላይ ያየውን የጥያቄና መልስ ጨዋታ መነሻ አድርጎ ሌት ተቀን ሠራ። ሲጨርስ ቴሌቪዥኑ ላይ የቃላት ዝርዝር ወጣ። አንዲት ቀስት ከላይ ወደ ታች በየቃሉ ላይ እያረፈች ትወርዳለች። ቶሚኤ ቀስቷ የፈለገችው ቃል ላይ ስትደርስ ረጅሙን ቁልፍ በጣቷ ትጫናለች፤ ቃሉ ጎልቶ ይወጣል፣ ጢ ብሎም ይጮኻል። ሹኪቺ ሃያ አራት ቃላት መረጠላት። ውሃ፣ ሻይ፣ ሽንት፣ አመመኝ፣ በረደኝ፣ ሞቀኝ፣ ራበኝ፣ አገላብጠኝ፣ ትራሴን፣ ልተኛ፣ አመሰግናለሁ... እንዲህ እያለ ይወርዳል።

የቁልፍ ገበታውን ጭኗ ላይ አስቀምጦ ጣቷን ቁልፉ ላይ አሳረፈላት። ቀስቷ ወረደች። ሻይ ላይ ስትደርስ ጣቷ ተጫነ፤ ጢ አለ። ሹኪቺ ወደ ማድቤት ሲሮጥ ካልሲው አንሸራትቶት ሊወድቅ ነበር።

እሑድ ልጃቸው ሪትሱኮ ከኦሳካ ስትደውል "እናትሽ ተናገረች" አላት።

"ምን አለች?"

"ሻይ አለች።"

ሪትሱኮ ስልኩ ላይ አለቀሰች። ሹኪቺ "በይ ወጪ ይበዛብሻል" ብሎ ዘጋው።

አንድ ወር ያህል ቶሚኤ ቁልፉን ትጫን ነበር፤ ውሃ፣ ሽንት፣ አገላብጠኝ። ከዚያ እየተወችው መጣች። ቀስቷ ከላይ እስከ ታች ትወርዳለች፤ እንደገና ከላይ ትጀምራለች፤ ጣቷ አይንቀሳቀስም። ሹኪቺ ጣቷ የደከመ መስሎት በሙቅ ውሃ ያሽላት ጀመር። የቀስቷንም ፍጥነት ቀነሰላት። እሷ ግን ቀስቷን ስትከተል ቆይታ ፊቷን ወደ ግድግዳው ትመልሳለች።

በዚህ መሃል ነው ሂሳዮ የመጣችው። ሂሳዮ ከሁለት ቤት ማዶ ከአኩሪ አተር ቶፉ ሠርታ የምትሸጥ፣ ድምፅዋ ከመምጣቷ በፊት የሚመጣ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። ከቶሚኤ ጋር ሃያ ዓመት ተጎራብተዋል። የዚያን ቀን እርጥብ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባችና ፍራሹ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

"እትዬ ቶሚኤ፣ ጉድ ልንገርሽ! የቅመማ ቅመሙ ነጋዴ ምራት የአማቷን ኪሞኖ ለብሳ ወደ ካናዛዋ ከተማ ጠፋች። አማቲቱ ፖሊስ ጠራች፤ ኪሞኖዬን አምጡልኝ ብላ! ስለ ልጅቷማ አንድም ቃል አልተነፈሰች!"

ከቶሚኤ ጉሮሮ ድምፅ ወጣ። እየሳቀች ነበር። እንባዋ በአንድ ጉንጯ ላይ ወረደ። ወዲያው ዓይኗን ወደ ቴሌቪዥኑ መለሰችና ቀስቷን ተከተለች። ውሃ፣ ሻይ፣ ሽንት፣ አመመኝ። እስከ መጨረሻው ወረደች። ቀስቷ ተመልሳ ወደ ላይ ስትወጣ ቶሚኤ ቁልፉን ደጋግማ መታችው፤ ጢ ጢ ጢ እያለ በማይሆን ቃል ላይ ሁሉ ጮኸ፤ ቀጥሎም ገበታው ከጭኗ ተንሸራትቶ ወደቀ።

ሂሳዮ የቴሌቪዥኑን ዝርዝር አንገቷን ዘንበል አድርጋ አነበበችው።

"ጋሼ ሹኪቺ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"የምትናገርበት ነው።"

"ይሄማ ነርስ የምትጽፈው ነው እንጂ እትዬ ቶሚኤ የምትናገረው አይደለም! ይቺ ሴት በሃያ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ 'ውሃ' ብላኝ አታውቅም። 'ከዚያስ?' ነው የምትለኝ። 'ከዚያስ?' የታለ? 'ውሸትሽን ነው' የታለ?"

ሹኪቺ እርሳስና ወረቀት አነሣ። መልእክት ሲቀበል እንደለመደው ጎንበስ አለ። "እስቲ ንገሪኝ" አላት። "ምን ምን ነበር የምትለው?"

ሂሳዮ በጣቷ እየቆጠረች ነገረችው። ከዚያስ? ውሸትሽን ነው። የእግዜር ያለህ! አፈር ልብላ፣ ለማንም አልናገርም። ይበላት፣ ዋጋዋን አገኘች። አይ ምስኪን። አንቺ ጅል። የኔ ባል መርከብ ላይ ሆኖ ነው ከእሱ የተገላገልኩት።

እዚህ ላይ ሂሳዮ ደንገጥ ብላ አፏን ያዘች። "ለቀልድ ነው እኮ ጋሼ።"

"ግድ የለም። ቀጥዪ" አላት። ሁሉንም ጻፈው። የጻፈውን ሲያነበው ግን አንዲት የማያውቃት ሳቂታ፣ አመለኛ፣ ተንኮለኛ ሴት ታየችው። ከዚህች ሴት ጋር ሠላሳ አምስት ዓመት ተጋብቶ እንደኖረ ሲያስበው እጁ ከወረቀቱ ላይ ሳይነሣ ቆየ።

በማግሥቱ ቃላቱን አስገባ። ሂሳዮ ስትመጣ ቶሚኤ መጀመሪያ የተጫነችው "ውሸትሽን ነው" የሚለውን ነበር። ሂሳዮ ጭኗን እየመታች ሳቀች። ከዚያ በኋላ በሳምንት ሦስት ቀን ትመጣለች፤ የሁለቱ ሴቶች ጨዋታ፣ የአንዷ ጩኸትና የሌላዋ ጢ ጢታ፣ እስከ ማድቤት ይሰማል። ሹኪቺ ማድቤት ቆሞ ያዳምጣል። ሂሳዮ ስትሄድ ገብቶ ይቀመጣል፤ ቀስቷ ትወርዳለች፣ ትመለሳለች። ለእሱ የምትጫነው የለም። ውሃ ስትፈልግ ብቻ ውሃ ትላለች።

ከእሱ ጋር የምትነጋገርበት ቃል የቱ እንደሆነ ሂሳዮን ሊጠይቃት አይችልም። ራሱም አያውቀውም። ስለዚህ ቃል መምረጡን ትቶ ፊደሉን እንዳለ ሊሰጣት ወሰነ። የጃፓን ፊደል እንደ ሀሁ በየቤቱ የሚሄድ ነው፤ አ ኢ ኡ ኤ ኦ፣ ካ ኪ ኩ ኬ ኮ እያለ። ቀስቷ መጀመሪያ በየቤቱ ትወርዳለች፤ ቶሚኤ ስትጫን ወደ ጎን ትሄድና ፊደሉ ላይ ስትደርስ ዳግመኛ ትጫናለች። ማሽኑ ማሳየት የሚችለው ያንን ደረቅ፣ ማዕዘናም የቴሌግራም ፊደል ብቻ ነበር። ሹኪቺ ደስ አላለውም፤ ዕድሜ ልኩን ያየው ፊደል ነው። ግን ሌላ የለም። ሁለት ጊዜ ካሴቱ ተበላሽቶበት እንደ አዲስ ጀመረ። ሲጨርስ የቼሪው አበባ ረግፎ ቅጠሉ ወጥቷል።

"ያሻሽን ጻፊ" አላት። "ቢዘገይ ግድ የለም። እኔ የትም አልሄድም።"

አንዱን ፊደል ለማግኘት ግማሽ ደቂቃ ይፈጃል። ተሳስታ ስትሰርዝ፣ ሲያልፋት ስትጠብቅ፣ ሩብ ሰዓት አለፈ። ሹኪቺ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ላይ አልነቀለም። በመጨረሻ እንዲህ የሚል ወጣ።

ዝም አትበል

ደጋግሞ አነበበው። ወደ እሷ ዞረ፤ እሷም ታየዋለች።

"እኔ?" አለ። "እኔ... ምን ላውራ?"

ቀስቷ እንደገና መውረድ ጀመረች። አሥር ደቂቃ ፈጀ።

ባሕሩን

እንዲህ ነው የጀመረው። መጀመሪያ ላይ እንደ ሪፖርት ነበር የሚያወራው፤ በዚህ ዓመት፣ በዚህ መርከብ፣ ወደዚህ አገር። ቶሚኤ ከድሮው ዝርዝር ውስጥ አንዱን እንደ ጅራፍ ትጠቀምበታለች። ዝም ሲል "ከዚያስ?" ትጫናለች። እሱም ይቀጥላል። ቀስ በቀስ አፉ ተፈታ። አልባትሮስ የሚባል የባሕር ወፍ ያላመደውን የመርከቡን ወጥ ሠሪ፣ በአውሎ ነፋስ ጊዜ ራሱን ከወንበር ጋር ያሰረበትን ገመድ ነገራት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደግሞ ለማንም ያልተናገረውን ነገራት። ከአላስካ በታች አንዲት ትንሽ ጀልባ ስትሰጥም ድረሱልኝ እያለች ስትጣራ እሱ ነበር የሰማት፤ የእነሱ መርከብ ግን የሁለት ቀን መንገድ ትርቅ ነበር።

"ለጀልባዋ ሬዲዮ ሠራተኛ መልስ እሰጠው ነበር" አለ። "ሰምቼሃለሁ፣ ሰምቼሃለሁ እለዋለሁ። ምን እላለሁ ሌላ? አርባ ደቂቃ ያህል ቆየ። ልጁ የቁልፍ አመታቱ ጥሩ ነበር፤ እጁ አይንቀጠቀጥም። ከዚያ በአንድ ፊደል መሃል ላይ ቆመ።"

ቶሚኤ ከዚያስ አላለችም። ጣቷን ከቁልፉ ላይ አንሥታ ወደ እሱ ትንሽ አስጠጋችው። ሹኪቺ ያዘው።

ሰኔ ላይ ዝናቡ ገባ። አንድ ቀን ቶሚኤ ገና ሳትጠየቅ መጻፍ ጀመረች። ሹኪቺ ሩዝ አጥቦ ሲመለስ ቴሌቪዥኑ ላይ ያለቀ ቃል አገኘ።

ተረድቻለሁ

"ጥሩ ነው" አለ። "ምኑን ነው የተረዳሽው?"

አይደለም የሚለውን ተጫነች። ደግሞ ጻፈች። እሱ ሽርጡን ሳይፈታ ቆሞ ጠበቀ።

ሕፃኑ

ሹኪቺ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለ።

ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ነው። ሪትሱኮ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ ቶሚኤ ሁለተኛ ልጅ አርግዛ እሱ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ነበር። ከቶሚኤ ወንድም የተላከውን ቴሌግራም ራሱ ተቀበለው። "ወንድ ልጅ ሞቶ ተወለደ። እናት ደህና ናት።" መልሱንም ራሱ ላከው። አንድ ቃል ነበረች። ተረድቻለሁ። ስምንት ወር ቆይቶ ወደ ቤት ሲመለስ እሷ አላነሣችም፤ እሱም አላነሣም። ያለፈ መሰለው። እሷ ግን ያችን አንዲት ቃል ሃያ ስድስት ዓመት ይዛት ኖራለች፤ አሁን በአንድ ጣቷ ፊደል በፊደል ለቅማ መለሰችለት። ያውም በዚያው በቴሌግራሙ ፊደል።

ዝናቡ ጣሪያው ላይ ይወርዳል።

"እጄ ነው የጻፈው" አለ በመጨረሻ። "ድምፁ ሲመጣ እጄ ይጽፋል፤ እኔ አላነብም። እንደዚያ ነው ሥራው። የሌላ ሰው መስሎኝ አይ ምስኪን አልኩ። ኋላ የተቀባዩን ስም ሳይ የኔ ነው። ካፒቴኑ በበሩ ብቅ ብሎ ምን መጣ አለኝ። ምንም አልኩት።"

እጁን በሽርጡ ጠረገ።

"መልስ ሦስት ጊዜ ጀመርኩ፤ ቶሚኤ። አይዞሽ ልል ነበር። ይቅር በይኝ ልል ነበር። ማዶ ያለው ተቀባይ የማላውቀው ሰው ነው፤ ይሰማኛል ብዬ አፈርኩ። እጄ የለመደውን መታ። ከዚያ የአየር ሁኔታ ሰዓት ደረሰ፤ እሱን ተቀበልኩ። እኔ... ስም አውጥቼለት ነበር። ወንድ ከሆነ ብዬ።"

ቁልፉ ተጫነ። ሁለት ፊደል ብቻ ነበር።

ስም

"ዋታሩ።"

ቶሚኤ ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው መጻፍ ጀመረች። ሹኪቺ ሽርጡን አሁን ፈታው፤ እጁ የሚይዘው ነገር ፈልጎ ነው። በመጀመሪያ "እኔም" የሚል ወጣ። ቀጥሎ ሦስት ፊደል፤ ኢሳሙ። ሞቶ ለተወለደ ልጅ መዝገብ ላይ ስም አይጻፍም። እሷ ግን ለብቻዋ ስትጠራው ኖራለች፤ ለካስ እሱም መርከብ ላይ በሌላ ስም ያስበው ነበር። አንድ ልጅ ሁለት ስም ይዞ፣ ከሁለቱ አንዱ እንኳ በቤቱ ውስጥ ጮክ ተብሎ ሳይጠራ ሃያ ስድስት ዓመት አለፈ።

የዚያን ቀን ራት አልበሉም። ቶሚኤ አንድ ነገር ጨምራ ጻፈች፤ "ብቻዬን ነበርኩ" የሚል። እሱም "አዎ" አለ።

ነሐሴ ላይ ሙታን ወደየቤታቸው ይመለሳሉ በሚባልበት በዓል ሰሞን ሹኪቺ ቤተ መቅደስ ሄደ። መነኩሴው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ የመታሰቢያ ወረቀቶች እያተመ ነበር።

"አንድ ሰው መዝግብልኝ" አለው ሹኪቺ። "የኛ ልጅ ነው። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሞቶ ነው የተወለደው።"

መነኩሴው ምንም ሳይጠይቅ ቁልፎቹን ነካካ። "ስሙ?"

"ዋታሩ። ኢሳሙ።"

"የትኛው ነው?"

"ሁለቱም።"

"ለአንድ ሕፃን ሁለት ስም አስገብቼ አላውቅም" አለ መነኩሴው። ትንሽ አሰበና መነጽሩን አወረደው። "ማሽኑ ስምንት ፊደል ይቀበላል። የእናንተ ስድስት ነው። ይበቃል።"

የታተመውን ወረቀት ወስዶ ለቶሚኤ አሳያት። እሷም ለረጅም ጊዜ ስታየው ቆየች፤ ቤተ ሰቡ ሙታኑን በሚያስብበት መሠዊያ ላይ ያኖረው ዘንድ በዓይኗ አመለከተችው።

መኸሩ ጥሩ ነበር ሊባል ይችላል። ሂሳዮ ትመጣለች፤ ሹኪቺም አሁን ማድቤት አይቆምም። ቶሚኤ ግን እየደከመች ሄደች። አንድ ቃል የምትጽፍበት ጊዜ ሃያ ደቂቃ፣ ቀጥሎ ግማሽ ሰዓት ሆነ። በታኅሣሥ ሁለተኛ ስትሮክ መጣ፤ ጣቷም አልታዘዝ አላት። ሹኪቺ ገበታውን ከጭኗ ላይ አላነሣም፤ ቴሌቪዥኑንም አላጠፋም፤ ቀስቷ ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ስትወርድና ስትወጣ ትውላለች። እሱ ያወራል። ከማን ጋር እንደሚያወራ እርግጠኛ ባይሆንም ያወራል። በጥር ሦስተኛ ሳምንት አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ በአንድ ወደብ ያየውን የማንጎ ገበያ ሊነግራት ጀምሮ ቀና ሲል፣ የቶሚኤ ትንፋሽ ቆሞ ነበር።

ሪትሱኮ ከኦሳካ መጣች። ከቀብሩ ሥርዓት በኋላ መሠዊያውን ስታጸዳ ያችን ወረቀት አገኘች።

"አባዬ፣ ይሄ ዋታሩ ኢሳሙ የሚባለው ማነው?"

ሹኪቺ ተቀምጦ ነገራት። ምንም አላስቀረም፤ ቴሌግራሙንም፣ መልሱንም ነገራት። ሪትሱኮ መጀመሪያ ተቆጣች።

"ወንድም ነበረኝ? ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ አሁን ነው የምሰማው? ለምን አልነገራችሁኝም?"

"እኛም አልተነጋገርንም።"

"እንዴት ሰው እንዲህ ይኖራል?"

"እኔ እንጃ ልጄ። እኖር ነበር።"

አለቀሰች፤ ከዚያ ኦሳካ ከእኔ ጋር ና፣ ሰው በሌለበት ቤት ምን ትሠራለህ ብላ ለመነችው። እምቢ አላት። በአራተኛው ቀን ሻንጣዋን ይዞላት እስከ ባቡር ጣቢያው ሸኛት። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ በመስኮቱ እጇን አወዛወዘች፤ እሱም ባቡሩ ዋሻው ውስጥ እስኪገባ ቆሞ አየ።

ወደ ቤቱ የሚወስደው መንገድ በግራ ነበር። ሹኪቺ በቀኝ ታጠፈና በበረዶው መካከል በተጠረገችው ጠባብ መንገድ ወደ ወደቡ ወረደ። ባሕሩ ግራጫ ነው። ጀልባዎቹ ገመዳቸውን እየጎተቱ ይንገጫገጫሉ። አንድ የማያውቀው ዓሣ አጥማጅ፣ ወፍራም ጓንት ያደረገ ጎልማሳ፣ ከመጋዘኑ ጥግ ተቀምጦ መረብ ይጠግናል። ሹኪቺ አልፎት ሄደ፤ ጥቂት ርምጃ ከሄደ በኋላ ተመለሰ።

"ይበርዳል" አለው።

ሰውየው ቀና አለ። "ይበርዳል።"

ሹኪቺ እጁን ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከቶ ቆመ። ትንፋሹ እየነጣ ይወጣል። ሰውየው ሽማግሌው እንዳልሄደ ሲያይ መረቡን ጭኑ ላይ አሳረፈ።

"ደህና አይደሉም እንዴ አባቴ?"

"ባለቤቴ ሞታብኝ ነው" አለ ሹኪቺ። "ቶሚኤ ትባላለች። በዚህ ሳምንት ነው የሸኘናት።"

ሰውየው ጓንቱን አወለቀ፤ ካጠገቡ የነበረውን የዓሣ ሣጥን ገልብጦ በረዶውን በእጁ ጠረገለት።

"ይቀመጡ" አለው።